ሪሞቱ ማን ጋ ነው?

ጅማ የተማረ ሰው የቆርቆሮ ጣሪያን ነገር ያውቃል። ዝናቡ ሲጀምር መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሲጠነክር ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ጭራሽ መደማመጥ ሲያቅት ዝም ብሎ በየዴስኩ መሃል እየዞረ ደብተር ያያል። ተማሪው የተጻፈውን ይገለብጣል፤ ያልገባውን አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ዝናቡ ሲያባራ ትምህርቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በፕላዝማ ዘመን ነው። ፕላዝማ ዝናብ አይሰማም። እኛ መስማት ቢያቅተንም እሱ ይቀጥላል። ዝናቡ ሲያባራ ሁለት ምዕራፍ ያለፈን ይመስለን ነበር።

ጊዜውን ለማያውቁት ላስረዳ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የምንላቸው ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ገቡ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ጅማ ያለውም ጎንደር ያለውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው። ለክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣል፤ ሠርታችሁ ጨርሱ ይባላል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ አይደገምም።

ጥሩ ነገር አልነበረውም አልልም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሴል መከፋፈልን በዓይኔ ያየሁት በእሱ ነው። ያ ምስል እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። መምህራችን ሊያቆመው አይችልም። ግራ የገባው ፊታችንን እያየ፣ ማስረዳት እየቻለ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያንን ሁሉ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እየቀላቀለ ሊያስገባልን ይታገል ነበር። ዛሬ ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል።

ያ መሣሪያ አርጅቷል። አሁን ወሬው ስለ ታብሌት፣ ስለ ስማርት ክፍል፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ነች፤ ከደብተሯ ይልቅ ስልኳ ውስጥ ያለው ትምህርት ይበዛል። እኔ ግን ስለ አዲስ የትምህርት መሣሪያ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ያንኑ የድሮ ጥያቄ ነው፦ ሪሞቱ ማን ጋ ነው? ማን ነው ማቆም የሚችለው?

ማቆም ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ነገሩ ከአእምሯችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ነገር ስንሰማ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ በጣም ትንሽ ነው። ሲኒ በሉት። በአንድ ጊዜ ጥቂት ነገር ብቻ ይይዛል። ሲኒው ሳይጠጣ ደግመው ቢቀዱበት ይፈሳል። የተቀዳው እስኪጠጣ፣ ማለትም ከምናውቀው ነገር ጋር እስኪገናኝና እስኪረጋ፣ ጊዜ ይፈልጋል። ጥያቄ መጠየቅ፣ ደብተር ላይ መሳል፣ በራስ ቋንቋ ለጓደኛ ማስረዳት መጠጣቱ ናቸው። ፕላዝማው ሳያቋርጥ ይቀዳ ነበር።

ሌላም አለ። የተማርነውን ደጋግሞ ማንበብና ዓይንን ጨፍኖ ለማስታወስ መሞከር አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ በአራት ዙር አነበበ። ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ በአራት ዙር ያነበቡት ከጽሑፉ ያስታወሱት 40 በመቶ ያህል ነበር። ለማስታወስ የታገሉት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። የሚገርመው፣ አራቱ ዙሮች እንዳበቁ እናስታውሰዋለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ቪዲዮ ደጋግሞ የሚያይ ተማሪም እንዲሁ ነው። እያየ ሳለ ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል።

እንግዲህ ዲጂታል ነገር ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ይለወጣል? መጀመሪያ የሚለወጠው ዕቃው ብቻ ነው። መጽሐፉ ፒዲኤፍ ይሆናል፤ ሃንድ አውቱ በቴሌግራም ይላካል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጻሕፍቱ ታትመው እስኪዳረሱ ድረስ ብዙ ተማሪ የተማረው ከስልክ ላይ ነው። አንዱ ያወርዳል፤ ዜንደር በሚባለው ፋይል ማሻገሪያ መተግበሪያ ለሌላው ያሻግራል፤ ዳታ አያስፈልግም። ስልክ የሌለው ፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት ሄዶ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ያሳትማል። ተማሪው ራሱ የፈጠረው መንገድ ነው፤ አደንቀዋለሁ። የክፍሉ አሠራር ግን እዚያው ነው ያለው። መምህሩ ያስጽፋል፤ ተማሪው ይጽፋል። የተለወጠው መገልበጫው ነው።

ብዙ አገር እዚህ ደረጃ ላይ ገንዘቡን ጨርሷል። ፔሩ ለልጆች አንድ ሚሊዮን ገደማ ላፕቶፕ አድላ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጠና ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል፤ በሒሳብና በቋንቋ ግን ላፕቶፕ ካላገኙት አልተሻሉም። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። መምህራኑ በላፕቶፑ ምን እንደሚያስተምሩ በቂ ዝግጅት አልነበራቸውም፤ የክፍሉም አሠራር አልተለወጠም። እኛም አገር አንዳንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይነካው ክፍሉ ይቆለፋል። የአይሲቲ መምህሩ ማውስ ምን እንደሆነ በጠመኔ ስሎ ያስተምራል። እኔ በዚህ መንገድ ነው የተማርኩት። ማውስ በእጄ የነካሁት ከዚያ በኋላ ቆይቼ ነው።

ቀጥሎ የሚለወጠው ጊዜው ነው፤ ለጅማና ለአካባቢዋ ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከጥቅምት ጀምሮ የቡና ለቀማ ነው። ማና፣ ጎማ፣ ጌራ ብትሄዱ ቤተሰብ ሙሉ እጁን የሚፈልግበት ወቅት ነው። ልጅ ከክፍል ይቀራል። ሲመለስ ክፍሉ ሦስት ርዕስ አልፎታል፤ ያንን ማን ያስረዳዋል? ትምህርቱ በድምፅ ወይም በአጭር ቪዲዮ ተቀርጾ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቢቀመጥ፣ ልጁ ማታ በአባቱ ስልክ ሊከታተለው ይችላል። አንድ ጊዜ ካልገባው አቁሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሳተላይቱ የከለከለን ይህን ነበር።

ሁሉም ቤት ግን እኩል አይደለም። ኮቪድ መጥቶ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ቀረ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሊደርስ ተሞከረ። ስማርት ስልክ ያለው፣ ፓኬጅ መግዛት የሚችል፣ ጸጥ ያለ ክፍል ያለው ልጅ ቀጠለ። አንድ ስልክ ለአምስት ሰው የሆነበት ቤት ያለው አልቀጠለም። ሴት ልጆች ደግሞ ስልክ በነበረበት ቤትም ቢሆን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቤት ዋሉ ማለት ሥራው በእነሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ "ቤት ሄዳችሁ ቪዲዮውን እዩ" የሚል መምህር፣ ማን ማየት እንደሚችልና ማን እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

መብራቱን እንዳትረሱ። ግልገል ጊቤ 1 ከከተማችን ሩቅ አይደለም፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጅማ ውስጥ ግን መብራት ይሄዳል። ኮኔክሽንም ይሄዳል። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የተከለ ትምህርት ቤት፣ ቀኑን መብራት ለሚመጣበትና ለሚሄድበት ሰዓት አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ ግን መፍትሔ አለው፤ ውድም አይደለም። መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ውስጧ መጻሕፍት፣ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች ይጫናሉ። የራሷን ዋይፋይ ታሠራጫለች። ተማሪዎች በስልክ ወይም በታብሌት ይገናኙና የሚፈልጉትን ይከፍታሉ። ኢንተርኔት የለም፤ ካርድ አይቆጥርም። በፓወር ባንክ ትሠራለች። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። ኪዊክስ የሚባለው ደግሞ ሙሉ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት እንድናነብ ያደርጋል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ገና ትንሽ ነው፤ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። መምህሩ የራሱን ማስታወሻ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እዚያው ላይ መጨመር ይችላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ በማስተማር የሚታወቅ። አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ይህን ለአንድ ትምህርት ቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊተክለው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋናው ልምጣ። የመምህሩ ሥራ ካልተለወጠ ምንም አልተለወጠም።

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን አስፈቅጄ ክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ። ከስልሳ የማያንስ ተማሪ አለ። የራሱን ላፕቶፕ፣ ከትምህርት ቤቱ የተዋሰውን ፕሮጀክተርና አንዲት ትንሽ ስፒከር ይዟል። ቪዲዮው ስለ ልብ ነው፤ አራት ደቂቃ ብቻ። ከፈተው። ደሙ ከሰውነት ተመልሶ የልብ ቀኝ ክፍል ሲገባ ታየ። አቆመው።

"ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል?" አለ።

አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ወደ ሰውነት" አለ። ብዙዎቹ አብረውት ነቀነቁ። ጓደኛዬ ትክክል ነው ስህተት ነው አላለም። "ደብተራችሁ ላይ ሳሉልኝ፤ ከዚያ አጠገባችሁ ካለው ጋር አስተያዩ" አለ። ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። አንዲት ልጅ "ኦክስጅኑን ሳይወስድ እንዴት ተመልሶ ይሄዳል?" ብላ ተከራከረች። ሦስት አራቱ ስዕላቸውን ሰረዙ። ሳንባን ጨመሩበት። ያኔ ነው ቪዲዮውን የቀጠለው። ደሙ ወደ ሳንባ ሄደ። ክፍሉ በሙሉ "አ!" አለ።

አራት ደቂቃው ቪዲዮ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ወሰደ። ትረካው እንግሊዝኛ ነበር፤ ክርክሩ ግን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ መጨረሻ ላይ ቃላቱን በእንግሊዝኛ አስጻፋቸው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋቸው መፍቻ ቋንቋ ተምረው 9ኛ ላይ በድንገት እንግሊዝኛ ለሚገጥማቸው ልጆች ይህ ድልድይ ነው። ፕላዝማ የወሰደብን ይህንን ነበር።

ሲወጣ "ይህን ለማዘጋጀት ስንት ሰዓት ፈጀብህ?" አልኩት። ማታ ሦስት ሰዓት ያህል አለኝ፤ ቪዲዮውን ያወረደው በራሱ ፓኬጅ ነው። በሳምንት ይህን ሁሉ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ እያንዳንዱን እንዲህ ሊያዘጋጅ አይችልም። ታብሌት ለመግዛት በጀት የሚይዝ ሰው ለመምህሩ የዝግጅት ሰዓትና ዳታ ካልያዘ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል። ይህን ስጽፍ እየተናደድኩ ነው፤ ምክንያቱም በጣም የሚታይ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። ተማሪው አሳይመንቱን ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይመጣል። ወላጅ "ልጄ ጎበዝ ሆነ" ይላል። መምህር "ኩረጃ ነው" ይላል። ሁለቱም ነገሩን ሙሉ አላዩትም።

ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን የጠየቀውን ሁሉ በሚመልስለት ቻትቦት፣ ማለትም በጽሑፍ እንደ ሰው በሚያወራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ እየታገዘ ተለማመደ። በልምምዱ ላይ ካልታገዙት 48 በመቶ የተሻለ ሠራ። ቻትቦቱ ተወስዶ ፈተና ሲሰጥ ግን ከመጀመሪያው ምንም እገዛ ካላገኙት 17 በመቶ የባሰ ውጤት አመጣ። ሌላ ቡድን ደግሞ ነበር። ለእሱ የተሰጠው ቻትቦት በመምህራን እገዛ የተዘጋጀ ነው፤ መልሱን አይሰጥም፤ ፍንጭ ብቻ ነው የሚሰጠው። በዚህኛው ቡድን ጉዳቱ አልታየም ማለት ይቻላል። ቴክኖሎጂው ያው ነው። ልዩነቱ አንደኛው ተማሪው እንዲያስብ ቆም ማለቱ ነው።

እኛ ዘንድ ተጨማሪ ችግር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚማሩት ኢንተርኔት ላይ ካለ ጽሑፍ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው፤ የአፋን ኦሮሞውም እንዲሁ። ስለዚህ በቋንቋችን ሲመልሱ ይበልጥ ይሳሳታሉ። የሚከፋው ሲሳሳቱም በሙሉ ልብ መናገራቸው ነው። ጀማሪ ተማሪ ስህተቱን መለየት አይችልም። ለመለየት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስልክን ከክፍል ስለ መከልከል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባጭሩ፦ መምህሩ ለትምህርቱ ካልፈለገው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በስልክ ሐሳቡ የተበተነ ተማሪ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጠቅሷል። ያ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚለወጠው፣ ወይም የማይለወጠው፣ ፈተናው ነው። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ተሰረዘ። ስልክ የአገርን ፈተና ማስቆም እንደሚችል ያኔ አየን። የ2014 ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ኩረጃው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ታየ። በ2016 ደግሞ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ኦንላይን ተፈተኑ።

ወረቀቱ ስክሪን ሆነ። ጥያቄው ግን አሁንም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። የጓደኛዬ ተማሪዎች ስለ ልብ ሲከራከሩ ያሳዩትን ነገር ይህ ፈተና ሊለካው አይችልም። ወላጅም "ቪዲዮ እያቆምክ ከምታጫውታቸው ጥያቄ አሠራቸው" ቢለው አልፈርድበትም፤ ልጁ የሚመዘነው በዚያ ነው። ትምህርት ቤት በፈተናው ልክ ነው የሚሰፋው። ኮምፒውተር ተማሪው የሠራበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መመዝገብ ይችላል። ተማሪው ስዕል ሠርቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ እንዲያስረክብም ያስችላል። ኦንላይን ፈተና ይህን አቅሙን ቢጠቀምበት ክፍሉም ይከተለው ነበር።

ያ እስኪሆን ድረስ እኔ ቤት ውስጥ የምችለውን እየሞከርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ አሳይመንት ነበራት። ስልኳን አንስታ ልትጠይቅ ስትል "ቆይ፣ መጀመሪያ የምታውቂውን ጻፊ" አልኳት።

"አጎቴ፣ ምንም አላውቅም እኮ!"

"የምታውቂውን ያህል።"

እያጉረመረመች ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ዝም አልኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግማሽ ገጽ ጽፋለች። ሁለት ቦታ ላይ መስመር አስምራ ባዶ ትታለች፤ አንዱ ውሃው ምን እንደሚሆን፣ ሌላው ኦክስጅኑ ከየት እንደሚመጣ። ስልኩን አነሳችና ስለ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ጠየቀች። ከመጽሐፉ ጋር አስተያየችና "ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው ለካ!" አለች፤ ኦክስጅኑ ከውሃው ነበር የሚመጣው።